ልጄ ወታደር ልትሆን ነው፤ የነገረችኝ ግን እሱን ብቻ አይደለም

ደብዳቤው እንዲህ ይላል። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

"እንደምን አለሽ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። የ19 ዓመት ልጅ አለችኝ። ዲቪ ደርሶን ስንመጣ 4 ዓመቷ ነበር፤ አሁን ሁላችንም ዜጋ ነን። ኮሌጅ አንድ ዓመት ተማረችና አቋረጠች። ባለፈው ወር ከሥራ ስታመጣኝ መኪና ውስጥ 'እማ፣ አርሚ ልገባ ነው። የሄሊኮፕተር መካኒክ መሆን ነው የምፈልገው' አለችኝ። ጮህኩባት። አባቴ ቃኘው ሻለቃ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ጋር ኮሪያ ዘምቶ በሰላም ተመለሰ ይባላል፤ እስኪሞት ድረስ ግን ሌሊት እየባነነ ነው የኖረው። ሴት፣ ያውም ጥቁር፣ ያውም የስደተኛ ልጅ፣ እዚያ መሃል ምን ልትሠሪ ነው አልኳት።

ቤት ደርሰን ሞተሩን አጠፋችና አልወረደችም። 'ሌላም አለ' አለችኝ። ወንድ እንደማትወድ፣ የምትወደው ሴት እንደሆነ ነገረችኝ። ምንም አልመለስኩላትም። በሩን ከፍቼ ወረድኩ። ይኸው 3 ሳምንታችን፤ 'ምግብ አለ' እና 'መጣሁ' ከመባባል በቀር አልተነጋገርንም። ይህን ሲያውቁ ያባርሯታል፣ ወይም አንድ ነገር ያደርጓታል እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። አባቷ አያውቅም። ቅዳሜና እሁድ ኡበር ስለሚሠራ ቤት አይውልም እንጂ ፊቴን አይቶ ይደርስበት ነበር። ልንገረው? ለንስሐ አባታችንስ? እንዳትገባ ማድረግስ እችላለሁ? ስሜን እንዳታወጪው፣ አደራ።"

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ያ የመኪና በር ከፊቴ አልጠፋ ብሏል። እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ አጭር አጭሩን ልመልስልሽ፣ ዛሬ ማታ ትንሽ እንድትተኚ። ማስቆም ትችያለሽ ወይ? አትችይም። የወላጅ ፊርማ የሚያስፈልገው ለ17 ዓመት ልጅ ነው። 18 የሞላት ብቻዋን ትፈርማለች። ሴት በመውደዷ ያባርሯታል ወይ? አያባርሯትም። ከሴፕቴምበር 20 ቀን 2011 ወዲህ በዚህ ምክንያት ከአሜሪካ ሠራዊት የሚባረር የለም። ለአባቷ ልንገረው ወይ? አትንገሪው። የነገረችሽ አንቺን ነው፤ እሱን መቼና እንዴት እንደምትነግረው የምታውቀው እሷ ናት። ለንስሐ አባትሽ የራስሽን ጭንቀት፣ የራስሽን ቁጣ ብትነግሪ መብትሽ ነው። የእሷን ምስጢር ይዘሽ ግን አትሂጂ።

አሁን ቡናሽን አፍዪና ረጅሙን አንብቢ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ከአባትሽ ልጀምር። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሜይ 1951 ፑሳን ወደብ ሲወርድ የተደለደለው ከአሜሪካኖቹ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ 32ኛ ሬጅመንት ጋር ነው። ከነጮቹ ጋር አንድ ግንባር ተሰለፉ። ይህን ሁላችንም በኩራት እናወራዋለን፤ አንድም ሰው አልተማረከብንም እያልን። የማናወራው ሌላ ነገር አለ። በዚያው ወር፣ በዚያው ኮሪያ፣ ጥቁር አሜሪካውያን 24ኛ በሚባል ለብቻው በተለየ ሬጅመንት ይዋጉ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣው ጥቁር ከነጭ ጎን ይሰለፋል፤ ከአላባማ የመጣው ጥቁር ለብቻው።

ፕሬዚዳንት ትሩማን እኮ ትእዛዙን የፈረመው ቀደም ብሎ ነው። ጁላይ 26 ቀን 1948፣ ቁጥር 9981፤ በሠራዊቱ ውስጥ ማንም በዘሩ፣ በቀለሙ፣ በሃይማኖቱ ወይም በትውልድ አገሩ አይለይ የሚል። የምድር ጦሩ አለቆች ግን እያንገራገሩ ጎተቱት። ታዲያ በ1951 ምን አንቀሳቀሳቸው? ደግነት እንዳይመስልሽ። የነጮቹ ክፍሎች ሰው አለቀባቸው። ምትክ ሆነው የሚላኩት ጥቁሮች ደግሞ በዝተው ቦታ ጠበባቸው። የኮሪያውን ጦርነት ይመራ የነበረው ጄኔራል ሪጅዌይ ቃኘው በደረሰበት በዚያው ወር "ልቀላቅላቸው" ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። ተፈቀደለት። ኦክቶበር 1 ቀን 24ኛ ሬጅመንት ፈረሰና ሰዎቹ በየክፍሉ ተደለደሉ። የመጨረሻው የጥቁሮች ብቻ ክፍል እስኪዘጋ ግን 1954 ደረሰ።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት የዚህን ሠራዊት ጠባይ ስለሚያሳይ ነው። በሩን የሚከፍተው ሰው ሲያጥረው ነው። ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ትእዛዝ ትእዛዝ ነው፤ አለቃው ወደደም ጠላም ይፈጽማል፣ ወይም እንደፈጸመ ይመስላል። ስለዚህ "ይወዷት ይሆን?" እያልሽ አትብሰልሰይ። ጥያቄው ሌላ ነው። የተጻፈው ምን ይላል? የተጻፈው ሳይፈጸም ሲቀር ልጅሽ ለማን ትናገራለች?

የሴቶቹም ታሪክ እንደዚያው ነው። በ1948 ሴት በቋሚነት እንድታገለግል ሕግ ወጣ፤ ግን ከ100 ከ2 እንዳይበልጡ ተባለ። ጣሪያው የተነሳው በ1967 ነው። በ1973 የግዳጅ ምልመላ ቀረ። ወንዱ በፈቃዱ እንደ ልብ አልመጣ ሲል ሴቶቹን ፈለጓቸው። የመኮንኖች ማሠልጠኛው ዌስት ፖይንት ሴት የተቀበለው በ1976 ነው። ኢራቅና አፍጋኒስታን ላይ ነገሩ ቧልት ሆነ። በወረቀት ሴት ግንባር አትሰለፍም። በተግባር ኮንቮይ ትነዳለች፣ መንገድ ዳር የተቀበረው ቦምብ ይፈነዳባታል። በሁለቱ ጦርነቶች ከ150 በላይ ሴቶች ሞተዋል። በ2015 ሁለት ሴቶች ያንን ወንዱን የሚያስለቅሰውን የሬንጀር ትምህርት ቤት ጨረሱ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር የመከላከያ ሚኒስትሩ አሽ ካርተር ሁሉም የሥራ መደብ ለሴት ክፍት እንዲሆን አዘዘ። አሁን ከ100 ወታደር 17 ወይም 18ቱ ሴቶች ናቸው። ልጅሽ ብቻዋን አይደለችም፤ ብዙም ግን አይደሉም።

የመረጠችው ሥራ ደግሞ ጥሩ ሥራ ነው። እውነቴን ነው። ብላክ ሆክ የሚባለውን ሄሊኮፕተር ከሆነ የምትጠግነው፣ መሠረታዊውን ሥልጠና 10 ሳምንት ከጨረሰች በኋላ የሙያ ትምህርቷን የምትማረው ፎርት ዩስቲስ፣ ቨርጂኒያ ነው። ካንቺ ቤት በመኪና 3 ሰዓት ገደማ። እንጀራ ይዘሽ ደርሰሽ መመለስ ትችያለሽ። ሴቶች በውጊያ መደብ ላይ በወንድ ልክ ይፈተኑ የሚለው አዲሱ መመዘኛ ሰምተሽ ከሆነ፣ እሱ የወጣው ለእግረኛ፣ ለታንከኛና ለመሳሰሉት ነው። የሄሊኮፕተር መካኒክ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። እሷን የሚጠብቃት አጠቃላዩ ፈተና ነው፦ ብረት ማንሳት፣ ፑሽ አፕ፣ ሸክም እየጎተቱ መሮጥ፣ ፕላንክ፣ ሁለት ማይል ሩጫ። በእያንዳንዱ ቢያንስ 60፣ በድምሩ 300። ከዛሬ ጀምራ ብትሮጥ ጥሩ ነው።

ስለ ጥቁርነቷ ብዙ አልልሽም፤ እዚህ አገር አሳድገሻታል፣ ካንቺ በላይ ታውቀዋለች። በምድር ጦሩ ከ5 ወታደር አንዱ ጥቁር ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ግን ይሳሳል። ካምፑ ውስጥ ማዕረግ ይከበራል፤ ከአጥሩ ውጭ ሌላ ነው። በዲሴምበር 2020 እዚያው ቨርጂኒያ፣ ዊንዘር የምትባል ትንሽ ከተማ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ጥቁር መኮንን መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ ፖሊሶች በርበሬ ረጭተውበታል። በ2015 ደግሞ እስራኤል፣ ሆሎን ላይ ዩኒፎርም የለበሰ የኛ ልጅ፣ ቤተ እስራኤል፣ በፖሊስ ሲደበደብ ቪዲዮው ወጥቶ አገሩ በሰልፍ ተናውጧል። ልብሱ ቆዳውን አልሸፈነለትም። ይህን ንገሪያት ባልልሽም ታውቀዋለች።

ወደ ሦስተኛው ልሂድ። ወደ ከባዱ።

አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። በደብዳቤሽ ውስጥ "ግብረ ሰዶም" የሚለውን ቃል አልጻፍሽውም። ብዙ ሰው እሱን ነው የሚጽፍልኝ። አንቺ "የምትወደው ሴት እንደሆነ" ብለሽ፣ የሷን ቋንቋ እንዳለ ነው የገለበጥሽው። እኔም አልጠቀምበትም።

ፍርሃትሽ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሀገር ቤት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የሚያሳስር ነገር ነው። እዚህም ቢሆን ትናንት ነው የተለወጠው። በክሊንተን ጊዜ፣ በ1993፣ "አትጠይቅ፣ አትናገር" የሚባል ደንብ ወጣ። አለቃህ አይጠይቅህም፤ አንተም አትናገር፤ ከተናገርክ ወይም ከታወቀብህ ውጣ ነው ነገሩ። (እኛ አበሾች ይህን ደንብ ማንም ሳያወጣልን ስንኖርበት ኖረናል።) በዚህ ደንብ ከ13,000 በላይ ሰው ተባረረ። ከኢራቅ ጦርነት ጋር ተያይዞ ዓረብኛ የሚችል ሰው በመብራት በሚፈለግበት ሰዓት፣ በደርዘን የሚቆጠሩ የዓረብኛ ባለሙያዎችን አሰናበቱ። ጠላት የሚያወራውን ከመስማት ይልቅ የራሳቸው ሰው ከማን ጋር እንደሚተኛ ማወቅ በለጠባቸው። ኮንግረስ በዲሴምበር 2010 ሻረው፤ በ2011 ሴፕቴምበር በተግባር ቀረ። ሠራዊቱ ይበተናል ያሉ ነበሩ። አልተበተነም። አሁን ሲመለመሉ የሚጠይቅ የለም፣ የሚሞላ ቅጽም የለም። ባለትዳር ከሆነች ለሚስቷ እንደማንኛውም የወታደር ቤተሰብ መታወቂያና ሕክምና ይሰጣታል።

ዲሲ ስትሄጂ አንድ ቀን ጊዜ ካገኘሽ ደቡብ ምሥራቅ በኩል ያለውን ኮንግረሽናል የመቃብር ስፍራ እይው። ከእስር ቤቱ ብዙም አይርቅም። የሰፈሩ ሰዎች ውሻቸውን እዚያ ነው የሚያናፍሱት። እኔ የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነበር። መሃል ላይ ጥቁር ድንጋይ አየሁ። በትልቁ የሟቹ ስም የለበትም፤ የቬትናም ዘማች እንደሆነና ወንድ የሚወድ እንደነበር ብቻ ይላል። ከሥሩ ያለው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ "ወታደር ሳለሁ ሁለት ወንዶች ስለገደልኩ ሜዳሊያ ሰጡኝ፤ አንድ ወንድ ስላፈቀርኩ አሰናበቱኝ።" ሊዮናርድ ማትሎቪች ነው፣ የአየር ኃይል ባለማዕረግ። በ1975 ለአለቆቹ ራሱ ተናግሮ ተባረረ፣ በ1988 ሞተ። ድንጋዩ ላይ ሰው አበባ አስቀምጦ ነበር፤ አንዱ ውሻ እያሸተተ አለፈ። ቆሜ ያሰብኩት ስለ እናቱ ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

አሁን ደግሞ ዜናውን እየሰማሽ "ተመልሶ ተዘጋ" የሚልሽ ሰው ይኖራል። ሰው እያደባለቀ ነው የሚያወራው። በጃንዋሪ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ በትእዛዝ የዘጋው ትራንስጀንደር ለሚባሉት፣ ሲወለዱ ከተጻፈላቸው ጾታ ሌላ ሆነው ለሚኖሩት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በሜይ 2025 ክርክሩ እስኪያልቅ ይፈጸም ብሎ ፈቀደ። ለዓመታት በደንብ ያገለገሉ ሰዎች ወጥተዋል። ያሳዝነኛል። በካርተር ጊዜ በ2016 የተከፈተላቸው በር በ2019 ተዘጋ፣ በ2021 ተከፈተ፣ ይኸው ደግሞ ተዘጋ። ልጅሽ ግን ከዚህ ውስጥ የለችም። ሴት ለሚወዱ ሴቶችና ወንድ ለሚወዱ ወንዶች ይህን ስጽፍ የተለወጠ ደንብ የለም።

ነፋሱ ግን ተለውጧል፤ ይህን ብደብቅሽ ውሸታም ነኝ። በፌብሩዋሪ 2025 በአንድ ምሽት ሁለት ሰዎች ከሥልጣን ተነሱ፦ የጦር ኃይሎች ኢታማዦር ሹም የነበረው ጥቁሩ ጄኔራል ሲ. ኪው. ብራውን፣ እና የባሕር ኃይሉ የመጀመሪያዋ ሴት አዛዥ አድሚራል ሊሳ ፍራንኬቲ። በጁን በሃርቪ ሚልክ ስም የተሰየመችው መርከብ ስሟ ተቀየረ። ሚልክ ባሕር ኃይል ያገለገለ፣ በኋላ ሳን ፍራንሲስኮ ተመርጦ የተገደለ ወንድ ወዳድ ፖለቲከኛ ነው። በሴፕቴምበር መጨረሻ ሚኒስትሩ ፒት ሄግሴት ጄኔራሎቹን ሁሉ ኳንቲኮ ሰብስቦ፣ በውጊያ መደብ ላይ መመዘኛው የወንድ ይሆናል፣ በዚህ የተነሳ ሴት ባይገኝም ባይገኝ ነው አለ። ወረቀቱ ባይለወጥም እንዲህ ያለ ንግግር እስከ ሃምሳ አለቃው ድረስ ይወርዳል። ልጅሽ ከሚኒስትሩ ጋር አትውልም። የምትውለው ከሃምሳ አለቃዋ ጋር ነው። እሱ ጨዋ ከሆነ ኑሮው ደህና ነው። ካልሆነ ግን መከራ ነው፣ ዋሽንግተን ምንም ይበል ምን።

እንግዲህ "አንድ ነገር ያደርጓታል" ወዳልሽው መጣሁ። እዚህ ላይ አላጽናናሽም።

ቫኔሳ ጊዬን የሚባለውን ስም ሰምተሻል? የሜክሲኮ ስደተኞች ልጅ፣ 20 ዓመቷ፣ ቴክሳስ ፎርት ሁድ የጦር መሣሪያ ጥገና ላይ ነበረች። የስደተኛ ልጅ፣ የጥገና ባለሙያ፤ እንደ ልጅሽ። በኤፕሪል 2020 እዚያው ካምፕ ውስጥ አብሯት የሚያገለግል ወታደር ገደላት። አስከሬኗ የተገኘው ከሁለት ወር በኋላ ነው። የጦሩ ምርመራ ራሱ እንዳረጋገጠው፣ ከዚያ በፊት ሌላ አለቃዋ በወሲብ ነክ ነገር ተዳፍሯት ነበር፤ ለአለቆች ደርሶም ተገቢው አልተደረገም። ለእናቷ ግን ነግራት ነበር። እናት ታውቃለች፣ ጦሩ አላወቀም፤ ወይም ሊያውቅ አልፈለገም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 14 አለቆች ከሥራ ተነሱ ወይም ታገዱ። ቤተሰቡ ዝም አላለም፤ እናቷና እህቶቿ ዋሽንግተን ድረስ መጥተው ጮኹ። ሕጉ ተለወጠ። ከ2023 መጨረሻ ወዲህ አንድ ወታደር ተደፈርኩ ብትል ክሱ ይመሥረት አይመሥረት የሚለውን የሚወስነው አዛዧ ሳይሆን ከአዛዦቹ ሰንሰለት ውጭ የሆነ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቀድሞ ከሳሿም ተከሳሹም የአንድ አለቃ ልጆች ነበሩ፤ አለቃው ደግሞ ስሙ እንዲጠፋ አይፈልግም።

አንድ ነገር አጥንቺልኝ፣ ለልጅሽም አስጠኛት። ወሲባዊ ጥቃት ሲደርስ ሁለት ዓይነት ሪፖርት አለ። አንደኛው ዝግ ነው፤ ለሐኪም ወይም ለተመደበው የተጠቂዎች ረዳት ትናገራለች፣ ሕክምናና ምክር ታገኛለች፣ አለቃዋ አይነገረውም፣ ምርመራም አይጀመርም። ሁለተኛው ክፍት ነው፤ ምርመራ ይጀመራል። ከዝጉ ወደ ክፍቱ መሻገር ይቻላል፤ ከክፍቱ ወደ ዝጉ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ በተደናገጠች ሰዓት መጀመሪያ ለማን እንደምትናገር ማወቅ አለባት። ለክፍሏ ሃምሳ አለቃ ከነገረች ዝጉ መንገድ ሊያመልጣት ይችላል። ቄሱ፣ ማለቴ የጦሩ ቻፕሊን፣ ምስጢር ይጠብቃል።

ከዚያ ደግሞ ሪክሩተሩ፣ ምልምሎችን የሚያስፈርመው ወታደር። የእህቴን ልጅ ይዤ አንዱ ቢሮ ሄጄ አውቃለሁ። ሞል ውስጥ ነው፣ ከጫማ ቤት አጠገብ። በሩ ላይ የፑል አፕ ብረት ተሰቅሏል፤ ልጆቹ ሲገቡ ይንጠለጠሉበታል። ሪክሩተሩ ሳቂታ ነው። እኔን "ማም" ሲለኝ ልቀልጥ ደረስኩ። ኮምፒውተር ሥራ ነው የምትመደበው አለው በአፉ። ወረቀቱን ተቀብዬ ሳነበው ነዳጅ ማደል ይላል። ነዳጅ ማደል ነውር የለውም፤ ግን ኮምፒውተር አይደለም። "ይስተካከላል" አለኝ። "ሲስተካከል እንፈርማለን" አልኩትና ወጣን።

ስለዚህ ማስቆም ባትችይም አብረሻት መሄድ ትችያለሽ፤ እሷ ከፈቀደች። ውሉ ላይ የሙያ ቁጥሯ ይጻፍ። ለብላክ ሆክ ጥገና 15ቲ ነው። የሚከፈላት ጉርሻ ካለ ይጻፍ። ያልተጻፈ አልተባለም። 4 ዓመት ብትፈርም እንኳ ጠቅላላ ግዴታው 8 ዓመት ነው፤ ቀሪውን ተጠባባቂ ሆና ስሟ መዝገብ ላይ ይቆያል። ይህን ብዙ ወላጅ አያውቅም። የምልምሎች መመርመሪያው ያለበት ፎርት ሚድ ሄዳ ምርመራ አድርጋ፣ ፈተና አልፋ፣ እጇን አንስታ ብትምልም፣ ለሥልጠና እስክትላክ ድረስ ሐሳቧን ብትቀይር መተው ትችላለች፤ ሪክሩተሩ ያኮርፍ እንጂ አትታሰርም። በክብር ከጨረሰች መንግሥት የ36 ወር ትምህርት ይከፍልላታል። ያቋረጠችው ኮሌጅ ማለት ነው። ምናልባት ሒሳቡን ካንቺ በፊት ሠርታው ይሆናል፤ አልጠየቅሻትም።

ወደ መኪናው በር ልመለስ።

አልቆጣሽም። ስንቱን ቤት አውቃለሁ፣ ዕቃ የተወረወረበት፣ ልጅ በሌሊት የወጣበት። አንቺ ዝም ብለሽ ነው የወረድሽው። ግን እሷ ከየት ሆና እንዳየችው አስቢ። ሁለት ነገር ይዛ ነው ያንን መንገድ የነዳችው። የመጀመሪያውን ነገረችሽ፣ ጮህሽ። ከጩኸቱ በኋላ ሁለተኛውን ለመናገር ሞተሩን ማጥፋት ነበረባት። መዋሸት ትችል ነበር። ለሥልጠና ፎርት ጃክሰን ሄዳ ለማታውቃቸው ልጆች ነግራ ላንቺ ደብቃ መኖር ትችል ነበር፤ እዚያ ከተናገረች ማንም አያባርራትም። የምትፈራው የናንተን ሳሎን ነው። ይህን ስጽፍ ለራሴም ይከብደኛል።

ሃይማኖትሽን ተዪ አልልሽም። የምታምኚውን እመኚ። የምልሽ ሌላ ነው። ልጅሽ ከጥቂት ወር በኋላ ስልኳ የሚወሰድበት ቦታ ትሄዳለች። መጀመሪያ ላይ "ደርሻለሁ" የምትልበት አጭር ጥሪ ትሰጣለች፤ ከዚያ ደብዳቤ ነው። አንድ ነገር ቢደርስባት፣ ሃምሳ አለቃው ክፉ ቢሆን፣ ያቺ አጭር ጥሪ ወዴት ትደወላለች? ወደ ቤት እንድትደወል ከፈለግሽ 3 ሳምንቱ እዚህ ላይ ይብቃው። "እወድሻለሁ፣ ሁሉም አልገባኝም" ብትያት በቂ ነው። "አልገባኝም" ማለት ውሸት አይደለም፤ ጊዜ ስጪኝ ማለት ነው። "ይለቅሻል" አትበያት። "አባትሽ ቢሰማ" አትበያት።

ከየት ልጀምር ካልሽ፣ ከጸጉሯ ጀምሪ። አትሳቂ። በ2014 የአርሚው ደንብ የጥቁር ሴቶችን ጸጉር "የተጎሳቆለ" ዓይነት በሚል ቃል ጠርቶ ድሬድና ጥምዝምዙን ከለከለ፣ ሹሩባውንም በልክ አሰረው። ወታደሮቹ አቤት አሉ፣ በኮንግረስ ያሉ ጥቁር ሴቶች ደብዳቤ ጻፉላቸው፣ በወራት ውስጥ ቃሉ ወጣ። በ2017 ድሬድ ተፈቀደ፣ በ2021 ደግሞ ይበልጥ ላላ። ሹሩባ ይፈቀዳል፤ ንጹሕና የተስተካከለ ይሁን እንጂ። ሥልጠና ላይ ጸጉር የምታበጥሪበት ጊዜ የለም፣ ከንጋቱ በፊት ይነሳሉ፣ ራስ ላይ የብረት ቆብ ይደፋል። ሲሄዱ ተሠርተው የሚሄዱት ልጆች ይገላገላሉ። የወቅቱን ደንብ ሪክሩተሩን ጠይቂውና ልኩን ተለማመዱበት።

ሹሩባ ሲሠራ ደግሞ ልጅ እግርሽ መሃል ትቀመጣለች፣ ጀርባዋን ሰጥታሽ። ፊት ለፊት አትተያዩም። እጅሽ ሥራ ይዟል። ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ መነሳት የለም። ቅዳሜ ጠዋት ይሁን፤ አባቷ ሥራ ላይ ነው።